«በእግዜር» ያላለው እንግዳ

«ኖር! ኖር!» ብላችሁ ቦታ ለቀቃችሁለት፤ ደግ አደረጋችሁ። እንግዳው እዚያ ጥግ ይቀመጥ። በሉ በሩን ዝጉትና ስሙኝ።

ነገሩ የድሮ ነው። ሰዓቱ ሌሊት አይምሰላችሁ፤ ሌሊትንማ ማን የማይፈራ አለ? ቀትር ነበር፤ ጥላ እግር ሥር የምትደበቅበት ሰዓት። መንገዱ መጀመሪያ ወንዝ፣ ከዚያ ሰማይ የማይታይበት ደን። በዚያ መንገድ ደምለው የሚባል ሰው ብቻውን ሄደ።

ለምን ሄደ? ልጁ ስንዱ ሁለት ወር ሙሉ ከመደብ አልተነሳችም። ያለችው እሷ ብቻ ናት። ከፏፏቴው ሥር የተቀዳ ውሃ ያድናታል አሉት። እንኳን ፏፏቴ፣ እሳት ውስጥ ግባ ቢሉት ይገባ ነበር።

ታንኳ ያዋሱት አባ ይነሱ የሚባሉ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ዛሬን እደር። ነገ በማለዳ ሰው አስከትለህ ትሄዳለህ። በቀትር ውሃ ባለቤት አለው» አሉት።

«እስከ ነገ ባትቆይልኝስ?» አለና ቀዘፈ።

ቀዘፈ፣ ቀዘፈ። ወንዙ ድንጋያማ ሲሆንበት ታንኳውን ከዛፍ አስሮ በእግሩ ገባ። ሄደ፣ ሄደ። ጉሬዛዎቹ መጀመሪያ ይንጫጩ ነበር፤ ኋላ ዝም አሉ። ጉሬዛ በአንዴ ዝም ሲል ደግ ነው?

ፏፏቴው ሥር ደረሰ። ቅሉን ሞላ። ትንፋሹን ሊሰበስብ ድንጋይ ላይ ቁጭ እንዳለ፣ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቀጥሎ ሳል ሰማ። ቀጥሎ ነጭ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

ደምለው የጨዋ ልጅ ነው። ብድግ አለና «ኖር!» አለ።

«በእግዜር» ማለት አልነበረባቸውም? ነበረባቸው። አላሉም። እሱ በለቀቀው ቦታ ዝም ብለው ተቀመጡ።

«ውሃው ለማን ነው?»

«ለልጄ ነው፣ አባቴ። መነሳት አቅቷታል።»

«ስታየኝ ትነሳለች» አሉት።

ደስ አለው፣ ሞኝ! ኋላ ግን ልብ አለ። ፏፏቴው የሚረጨው ውሃ እሱን አበስብሶታል፤ የሽማግሌውን ጋቢ ግን አንድ ጠብታ አልነካውም።

ከዚያ ወዲያ ቆመ ትላላችሁ? እግሬ አውጪኝ! ቅሉን አቅፎ ታንኳው ውስጥ ዘሎ ገባ። ብቻውን ነው። ታንኳው ግን ሁለት ሰው እንደጫነ በስተኋላው ዘቀጠ። ዞሮ አየ፤ ማንም የለም። ቀዘፈ፣ ቀዘፈ።

ቤቱን ሲከፍት ምን አየ? ስንዱ ቆማለች! ሁለት ወር የተኛችው ልጅ በሁለት እግሯ ቆማለች። እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ልጄ! ልጄን!» አለ።

እሷ ግን እሱን አላየችም። በትከሻው ላይ አሻግራ እያየች፣ አባቷ እንዳስተማራት አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ኖር!» አለች። መደቡንም ለቀቀች።

«በእግዜር» ያለ የለም።

ሲነጋ ስንዱ በቤቱም በደጁም አልነበረችም። መደቡ ላይ የተገኘው ነጭ ጋቢ ነው፤ ደረቅ ጋቢ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ውሃ ብቻችሁን አትውረዱ። ለእንግዳም ተነሱ፤ ግን «በእግዜር» ሳይል ቦታ አትልቀቁ።

ለመሆኑ... ቅድም «ኖር» ያላችሁት፣ ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው፣ ሲመልስ የሰማ አለ?