ደጃፍ ላይ የተነጠፈው ጨርቅ

ታዊን ከመኪናው ሲወርድ ፀጉሩ፣ ቅንድቡና ትከሻው ቢጫ ዱቄት ለብሶ ነበር። ፒኩን አይታው ሳቋን መያዝ አቃታት። ዱቄቱ ምን እንደሆነ ታውቃለች። የአሮጌ መኪና ኮርኒስ ከጨርቁ ሥር ስፖንጅ አለው፤ ስፖንጁ በሙቀት ብዛት ሲፈረፈር ጨርቁ ይለቃል፣ ብናኙም በተሳፋሪው ላይ ይወርዳል።

«ጨርቁን በአንድ እጅህ ደግፈህ፣ በአንድ እጅህ እየነዳህ መጣህ ማለት ነው?» አለችው።

«በጭንቅላቴ ነው የደገፍኩት» አለ። «እጄማ ለመሪው ያስፈልገኛል።»

መኪናው የእናቱ ነው። ከተገዛ ሃያ ስምንት ዓመቱ። ኮርኒሱ ከኋላው መስኮት ጀምሮ እንደ ላም ጡት ተንጠልጥሏል። ታዊን በእናቱ የስፌት ስፒል ወጋግቶ ሊያቆመው ሞክሮ ነበር። ፒኩን ስፒሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ትቆጥር ጀመር፤ እሱም አብሯት ቆጠረ። ሃያ ሦስት ላይ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ስፒሎቹ ስንት እንደነበሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

የፒኩን አባት ሳኒት፣ በፒቺት ከተማ መውጫ ላይ የመኪና ወንበርና ኮርኒስ ሲያለብሱ ያረጁ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ኮርኒስ የፒኩን ሥራ ሆኗል። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ስትሠራ ኖራለች፤ አሁን ሃያ ስምንት ሞልቷታል።

በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። በአገሩ ሰው አዲስ መኪና ሲገዛ ወደ ቡድሂስት ገዳም ወስዶ ያስባርካል። መነኩሴው ነጭ ሸክላ በውሃ ለውሶ፣ ከነጂው ራስ በላይ፣ ኮርኒሱ ላይ በጣቱ የነጠብጣብ ምልክት ያደርጋል። ስለዚህ አሮጌ ጨርቅ ከመነቀሉ በፊት መጀመሪያ የሚታየው ያ ቦታ ነው። ምልክት ከተገኘ ዙሪያው በመቀስ ተቆርጦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለባለቤቱ ይሰጣል። ፒኩን ይህን ደንብ አንድም ቀን ስታው አታውቅም።

ያን ቀን ሳተችው።

መብራቱንና የፀሐይ መከላከያዎቹን ፈታች፤ ጨርቁ የተለጠፈበትን ጠንካራ ካርቶን በኋላ በር አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው። ታዊን ሥራው የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው፤ የሩዝ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። አጠገቧ ቆሞ ስለ አንድ ገበሬ ነገራት። ሰውየው ፓምፔ ተሰበረ እያለ ሦስት ጊዜ በዝናብ አስመጥቶታል፤ ሦስቱንም ጊዜ ማብሪያውን ሳይነካ ነበር የጠራው። ፒኩን እየሳቀች ጨርቁን ያዘች፣ በአንድ ጉተታ አነሳችው፣ ጠቅልላም ወደ ጥግ ወረወረችው።

ሳኒት ምንም ነገር የማይጥሉ ሰው ናቸው። ጨርቁን ከጥግ አንስተው አራገፉት፣ አራት አጥፈውም ደጃፍ ላይ አነጠፉት። ወሩ የዝናብ ነው። ገቢውም ወጪውም ጫማውን እያወለቀ እርጥብ እግሩን ጠረገበት።

ካርቶኑ ተቦረሸ፣ ማስቲሽ ተቀባ፣ አዲሱ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ እየተገፋ ተለጠፈ። ኮርኒሱ በሦስተኛው ቀን አለቀ፤ አንዲት ሽብሽባት አልነበረችበትም። ታዊን ግን አላለቀለትም። በማግስቱ የበሩ ጨርቅ ለቀቀ ብሎ መጣ። ከዚያ የፀሐይ መከላከያው። ከዚያ የኋላው መደገፊያ።

ሳኒት፣ «ይህ ልጅ ሞተሩንም ጨርቅ አልብሱልኝ ሳይል አይቀርም» አሉ።

ታዊን ሁልጊዜ ደጃፉን በአንድ ረጅም እርምጃ ዘሎ ነበር የሚገባው። ሌላው ሰው ቆሞ እግሩን ሲጠርግ እሱ ከውጭ ውስጥ ይገኛል። ፒኩን ያን ዝላይ ወደደችው። ለመግባት የሚቸኩል ሰው አይታ አታውቅም ነበር። ከምሳ በኋላ ጆሮዋ ወደ ደጅ መሆን ጀመረ።

በዘጠነኛው ቀን መኪናው ውስጥ ሆነው እሷ የመጨረሻውን ጠርዝ ትወሽቅ ነበር፤ እሱ መብራት ይዞላታል። ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል።

«ነገ እናቴ ትመጣለች» አለ።

«መኪናውን ልታይ?»

«መኪናውንም።»

ፒኩን ጠርዙን ወሽቃ ጨርሳ ነበር። እንደገና አውጥታ መወሸቅ ጀመረች።

የታዊን እናት ላምያይ በማግስቱ ሁለት ትልልቅ ትርንጎ ይዘው ከልጃቸው ጋር በአውቶቡስ መጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ጫማቸውን አወለቁ፣ ቀኝ እግራቸውን ጠረጉ፣ ግራቸውንም ጠረጉ፤ ገብተውም መዳፋቸውን ገጥመው ሰላምታ ሰጡ። የፒኩንን እጅ በዓይናቸው ለረጅም ጊዜ መዘኑና፣ ይህ የሥራ እጅ ነው አሉ። ሳኒት ደስ አላቸው። ነገሩ ሁሉ መንገዱን ይዞ ነበር።

ከዚያ ላምያይ መኪናቸውን ለማየት ሄዱ። ከመሪው ፊት ተቀመጡ። ቀና አሉ።

ቀና እንዳሉ ቀሩ።

«ምልክቱን የት አኖራችሁልኝ?» አሉ።

ፒኩን ወደ ጥጉ አየች። ወደ አባቷ አየች። አባቷ ደግሞ ወደ ደጃፉ እያዩ ነበር፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

ላምያይ የሁለቱን ዓይን ተከትለው ወደ ደጃፉ ተመለሱ። ጎንበስ ብለው ጨርቁን ዘረጉት። ዘጠኝ ነጭ ነጠብጣቦች፣ ጭቃ የጠጡ፣ ግን ዘጠኙም ይታያሉ። በላያቸው ላይ ገና ያልደረቀ የእግር ዱካ አለ። የራሳቸው የላምያይ ዱካ ነበር።

አልጮሁም። ጨርቁን በሁለት እጃቸው አንስተው ራሳቸው ላይ አኖሩት፤ ጭቃው በግንባራቸው ወረደ። ታዊን የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ያ መኪና እናትና ልጅን እንደያዘ ቦይ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሁለቱም ጭረት እንኳ ሳይነካቸው ወጡ። ምልክቱን ያደረጉት አባ ቹም ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ከእጃቸው ለላምያይ የቀረላቸው ያ ጨርቅ ብቻ ነበር።

«ማነው?» አሉ።

ሳኒት አፋቸውን ሲከፍቱ ፒኩን ቀደመቻቸው። «እኔ ነኝ፣ እማማ። ሳላይ ነቀልኩት።»

«ሳላይ» አሉ ላምያይ። «ዓይን የሌለው እጅ ቤቴ አይገባም።»

በመኪናው አልሄድም ብለው በዝናብ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው በእግራቸው ሄዱ፣ ጨርቁን ከራሳቸው ሳያወርዱ። ታዊን አንድ ቃል አልተናገረም። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ፒኩንን አየት አደረጋት፤ ከዚያ እናቱን ተከተለ። ትርንጎዎቹ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ።

በማግስቱ ታዊን መጣ። ደጃፉ አሁን ባዶ ነው፤ ግን ዘሎ አልገባም። ውጭ ቆመ።

«አይቼው ነበር» አለ።

ፒኩን አልገባትም። «ምኑን?»

«ምልክቱን። በሁለተኛው ቀን፣ ስገባ። እግሬን ላሳርፍ ስል አየሁትና ተሻገርኩት።»

መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ለማንሳት አልጎነበሰችም። ያ ዝላይ። ከምሳ በኋላ ስትጠብቀው የነበረው ዝላይ። ለእሷ የቸኮለ መስሏት ነበር። ሰውየው ረግጦ እንዳይኮነን ሲሸሽ ኖሯል።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ብነግርሽ ፊትሽ ትናንት እንደሆነው ይሆን ነበር። ዛሬ ትሳቅ፣ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ እንደዚያው።»

«ትናንትስ? እናትህ ማነው ሲሉ አጠገቤ ቆመህ አልነበር?»

ታዊን ባዶውን ደጃፍ አየ።

«እኔ ያላየሁት አንተን እያየሁ ስለነበር ነው» አለች ፒኩን። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አንተ ግን አይተህ ስንረግጠው ዝም አልክ። አባቴ ረገጠው፣ እኔ ረገጥኩት፣ እናትህ ረገጡት። ሂድና ለእሳቸው ንገር። እዚህ አትምጣ።»

ሄደ።

አሥራ አንድ ቀን አለፈ። መኪናው እዚያው ቆሞ ነው። ሳኒት ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ሄጄ ልንገራቸው አሉ፤ ፒኩን ከለከለቻቸው። ሲርባት የማትበላ፣ ሲጠሯት የማትሰማ ሆነች። የወንበር ልብስ ስትሰፋ በስተግራ የሚሰፋውን በስተቀኝ ሰፍታ ፈታችው። ይህም ደርሶባት አያውቅም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቀኑ ጠራርቶ፣ ላምያይ ደጃፉ ላይ ቆሙ። በእጃቸው አበባና ሻማ የተደረደረበት ትሪ ይዘዋል። የይቅርታ ትሪ ነው። ሳኒት ለማን እንደሆነ ስላልገባቸው ዞር ዞር አሉ። በዚያ አገር ትሪው ከታናሽ ወደ ታላቅ ነው የሚሄደው፤ ወደ ታች ሲወርድ ያየ ሰው የለም።

ላምያይ ገብተው በፒኩን ፊት ተንበረከኩ።

ፒኩን ደንግጣ መሬት ላይ ወደቀች፤ ከእሳቸው ዝቅ ለማለት ግንባሯን ወለሉ ላይ አደረገች። ላምያይ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ አሉ። ሁለቱ ሴቶች አንዷ ከአንዷ ዝቅ ለማለት ሲሽቀዳደሙ የሚሄዱበት ወለል አጡ። ሳኒት ከሁሉም በላይ ሆነው መቆማቸው ሲያሳፍራቸው እሳቸውም ተቀመጡ።

«ተይ ልጄ፣ ወገቤን ትሰብሪኛለሽ» አሉ ላምያይ። «ተቀበዪኝና ቀና እንበል።»

ፒኩን ትሪውን ነካችው።

ታዊን ፒኩን ባባረረችው ዕለት ለእናቱ ነግሯቸው ነበር። ላምያይ ሦስት ቀን አላናገሩትም። በአራተኛው ቀን ጨርቁን ይዘው ገዳም ሄዱ። አዲሱ አበ ምኔት አገላብጠው አዩት፤ አባ ቹም የቀቡት ለሰው ነው፣ ለጨርቅ አልቀቡም ብለውም ያረጀ የተባረከ ዕቃ ከሚቀመጥበት ትልቅ ዛፍ ሥር አስቀመጡላቸው። ላምያይ ሌላውን ሳምንት ያሳለፉት ራሳቸውን ሲሰድቡ ነው።

«ያላየችውን ሰደብኩ» አሉ። «አይቶ ዝም ያለውን ደግሞ ቤቴ ወስጄ ራት አበላሁት። አሁን ስለ ልጁ። እኔ አልለምንለትም። ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ሳይጠራ እንዳይገባ ነግሬዋለሁ። ካልፈለግሽው በአውቶቡስ እንሄዳለን፤ እኔና አንቺ ግን አልተጣላንም።»

ፒኩን ወጣች። ታዊን ላቡ ሸሚዙን አልፎ ነበር።

«ሌላስ ምን ደብቀሃል?» አለችው።

አሰበ። «የበሩን ጨርቅ ራሴ ነኝ የገነጠልኩት። ሌሎቹንም።»

«ሌላስ?»

«አባትሽ የሚያቀርቡልኝን የዓሣ ወጥ አልወደውም።»

«እሱን አባቴም አውቋል። ሌላስ?»

«እናቴ ፊት ልናገር ነበር። አፌ እንቢ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ዓይን ማየት አስጠልቶኛል።»

ፒኩን ዓይኑን ፈልጋ እስኪያያት ጠበቀች።

«ያየኸውን በዚያው ቀን ትነግረኛለህ» አለች። «ቢያስለቅሰኝም። ቢያጣላንም።»

«በዚያው ቀን።»

«ማል።»

ማለ። ከዚያ ፊቷን ትኩር ብሎ አየና አመነታ።

«እንግዲያው አሁን ልንገርሽ» አለ። «ጉንጭሽ ላይ ማስቲሽ አለ። ፀጉርሽንም ይዞታል።»

ፒኩን ደነገጠች። እናቱ ፊት፣ ትሪው ፊት፣ እስካሁን እንዲያ ሆና ኖራለች። በእጇ ጀርባ ጠረገችው።

«ለቀቀ?»

«አልለቀቀም» አለ ታዊን። «ይልቅ ባሰበት።»

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። ውስጥ ያሉት ሁለት ሽማግሌዎች ሰሙት፤ ተያዩ። ላምያይ ትሪውን አንስተው ለሳኒት ሰጡና ጫማቸውን ፈለጉ።

ሰርጉ ዝናቡ ሲያቆም ይሁን ተባለ። ላምያይ መኪናው ውስጥ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ከላያቸው አዲሱ ጨርቅ ጥርት ብሎ፣ ተወጥሮ፣ ምንም ሳይኖርበት ተዘርግቷል። ታዊን ሌላ መነኩሴ ዘንድ ወስደን እናስቀባው ይሆን ብሎ ጠየቃቸው።

«ይቆይ» አሉ። «አንተ ቀስ ብለህ ንዳ።»