ለአማት የተወሰደ ሽሮፕ

ሞላሌ ገበያ ዳር ያለችው የጽናት ጭማቂ ቤት አራት ወንበር ብቻ ነው ያላት። ይታየው መጀመሪያ የገባው ብርድ ሲያባርረው ነው። የባዮሎጂ መምህር ነው፤ መምህርነቱ ደግሞ ከክፍል ውጭም አይለቀውም።

«የካሮት ጭማቂ፤ ሽሮፕ እንዳትጨምሪበት» አላት።

«ያለ ሽሮፕ ማን ይጠጣዋል?»

ከደብተሩ ወረቀት ቀደደና መሀሉን በመስመር ከፈለው። በአንዱ ወገን የካሮቱን ጻፈ፦ ቫይታሚን ኤ፣ ፖታሲየም፣ የራሱ የሆነ ትንሽ ስኳር። በሌላው ወገን «ስኳር» ብሎ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

ጽናት ሳቀች። እሱም ሳቋን እያየ ጭማቂውን ረሳው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጣ፤ ካሮት ይህን ያህል ሰው እንደማያመላልስ ግን የሞላሌ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ። በመንዝ ደግሞ ልጅ ከመሰጠቷ በፊት ዘር ይጠየቃል፤ አያቱ ማን ነው፣ በቤቱ ምን በሽታ አለ ይባላል።

በዚህ መሀል፣ ቀየት የሚኖሩት እናቱ እትዬ ጥሩሸዋ ታመሙ። «ወገቧን ነው» አላት ይታየው፣ ዓይኗን ሳያይ።

ጽናት ልትጠይቃቸው ካሮትና ቀይ ሥር በዘንቢል ስትሞላ እናቷ ደረሱባት። «አማት የጓሮ አትክልት ተይዞ ይጠየቃል? ሰው ምን ይለናል!» አሏት። ጾም ስለሆነ ወተትም አይወሰድም። ሦስት ጠርሙስ ቀይ ሽሮፕ ገዝታ ሄደች።

እትዬ ጥሩሸዋ ጠርሙሶቹን አይተው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ይታየው አንዱን ጠርሙስ አንሥቶ አገላበጠው። ኋላ ተነሥቶ በጠበጠና አቀበላቸው።

«የምራቴ እጅ አይመለስም» ብለው ጠጡ።

«ይበርቱልኝ፣ ሲያልቅ ሌላ አመጣለሁ» አለች ጽናት፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። በሳምንቱም አመጣች።

በአሥረኛው ቀን ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ነርሷ «ስኳራቸው እዚህ እስኪደርስ ምን ሲጠጡ ነበር?» ስትል ጽናት በሩ ላይ ቆማ ሰማች። እትዬ ጥሩሸዋ በሆሳዕና ማግስት ተቀበሩ፤ ሕማማት ነውና ፍትሐት እንኳ አልተደረገላቸውም።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ይታየው ጭማቂ ቤት መጣ።

«ስኳር እንዳለባቸው ታውቅ ነበር?» አለችው።

«ከያዛት ስድስት ዓመት አልፏል። ዘራቸው በሽታ አለበት ብለው ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ። እሷም አትንገራት ብላኝ ነበር።»

«እኔ ብሰማ እተውህ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ ጽናት።»

«እሳቸውስ ለእኔ ብለው ጠጡ። አንተ ምን ሆነህ ነው በጥብጠህ የሰጠሃቸው?»

ትወደው ነበር፤ ያኔም፣ እዚያው ቆሞ እያለቀሰ ሳለም ትወደው ነበር። ግን ሽማግሌዎቹን እንዳይልክ ነገረችው። ክረምት ሲገባ ዝውውር ጠይቆ ወደ ዘመሮ ሄደ።

በዓመቱ ከመርሐቤቴ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች መጡ። ጽናት ጓዳ ሆና ታዳምጣለች። አባቷ እንደ ወጉ የቤቱን በሽታ ጠየቁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዘራችን ራስ ምታት እንኳ የለም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

ጽናት አባቷን አስጠርታ «ራስ ምታት እንኳ የሌለበት ዘር የለም፤ እነዚህም እየደበቁ ነው፤ እንቢ በሉልኝ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ነው ይታየውን አንስታ እስኪበቃት ያለቀሰችው።