በመሳቢያው ውስጥ የቀረችው ቀይ ወረቀት

ሊቁ በካርድ መደርደሪያው ሥር፣ ከወደቀው መሰላል አጠገብ፣ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። አርባ ዓመት የደከሙበት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ኤን» ፊደል ላይ ደርሶ ነበር። በቀኝ እጃቸው የ«ኒውስ» ካርድ ተጨብጧል፦ «ስም። ወሬ፣ ዜና። መጨረሻው ብዙ ቢያስመስለውም በነጠላ ይነገራል።»

ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ፣ «መሰላል ማጅራት መቺ ሆኖ አያውቅም» አለ።

ጸሐፊዋ እጇ በካቴና ታስሮ በር ላይ ቆማለች። በስድስት ሰዓት ከሊቁ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች፤ ከዚያ ወዲያ በሕይወት ያያቸው የለም። ወደ እስር ቤት የሚወስዳት መኪና ደጅ ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። መርማሪዋ ግን የልጅቱ ዓይን አላስቻላትም።

«ምን አጨቃጨቃችሁ፣ ልጄ?»

«ቀይ ወረቀት ነዋ፣ እትዬ! ካርድ ያወጣ ሰው በቦታው ቀይ ወረቀት ይተዋል። አሮጌው ስላለቀ ዛሬ ከአዲሱ ደማቅ ቀይ ቆርጬ በስድስት ሰዓት አመጣሁላቸው። ‹እርስዎም እንደኛ ይተዉ እንጂ› ብላቸው፣ ‹በገዛ ቤቴ ፈቃድ ልጠይቅ?› ብለው ጮኹብኝ። አንድም ቀን ትተው አያውቁም።»

«ግትር ነበር» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም እንባውን እየጠረገ። እርሱ ዕድሜውን በመርከብ ላይ የፈጀ ሰው ነው። «እኔማ ይህን የወረቀት ሥርዓት ገና ዛሬ መስማቴ ነው።»

ሃያ ዓመት በሊቁ ጥላ ሥር የኖረው ረዳት አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ ከአራት ሰዓት ወዲህ እዚህ ክፍል አልረገጥሁም» አለ።

መርማሪዋ የ«ኤን»ን መሳቢያ ስባ አየችና ቀስ ብላ መለሰችው።

«ልጄ፣ የ‹ኒውስ› ካርድ ቦታ የቱ ጋ ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ የፈረንጁን ፊደል ከየት አውቄ? የአማርኛውን ብቻ ነው በታይፕ የምመታው።»

«እውነቷን ነው» አለ ረዳቱ ፈጥኖ። «እንግሊዝኛውን የምመታው እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች መርማሪዋ፤ ሁሉንም ወደ መደርደሪያው ጠርታ መሳቢያውን ከፈተች። በካርዶቹ መካከል አንዲት ደማቅ ቀይ ወረቀት ቆማለች።

«ወረቀቱ አዲሱ ነው፤ ስለዚህ ካርዱ የወጣው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ሊቁ ወረቀት አይተዉም። ወንድማቸው ሥርዓቱን አያውቅም። ጸሐፊዋ ሥርዓቱን ብታውቅም ፊደሉን አታውቅም። ሊቁ ከመሰላል የወደቁ እንዲመስል ካርዱን አውጥቶ ያስጨበጣቸው ሰው፣ እጁ ሳያማክረው ቀይ ወረቀት ተክቷል። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፣ አቶ ረዳት።»

ረዳቱ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ዛሬ ስሜን ከሽፋኑ ሰረዙት» አለ። «ያችን ካርድ እንኳ የጻፍኋት እኔ ነኝ። ሁለት ሆነን ሠራን፤ በነጠላ ተነገረ።»

ካቴናው እጅ ለወጠ። መርማሪዋ ካርዱንና ወረቀቱን ለማስረጃ በፖስታ ከትታ ልትወጣ ስትል፣ ጸሐፊዋ የተላጠ አንጓዋን እያሸች በሩ ላይ ቆመችባት።

«እትዬ፣ ይቅርታ። ካርድ ያወጣ ሰው…»

መርማሪዋ ተመለሰች። ከጠረጴዛው አንዲት ቀይ ወረቀት አንሥታ በባዶው ቦታ አቆመችና መሳቢያውን ዘጋችው።