ዘጠኙ ችካሎች

«ገብሳችንን ያዳንኩት እኔ ነኝ! ጽፋችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ ሐውልት ስታቆሙልኝ ስሜን እንዳትስቱ!»

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ፍቅርተማርያም ይህን ስትል የስምንተኛ ቢ ሴቶች ከግንቡ ጥግ ከበዋት በሳቅ ሞቱ። ደብረ ብርሃን እየሰፋች ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ያለውን እርሻ መዋጥ ከጀመረች ቆይታለች። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ቀያሾች መጥተው፣ ወደ አዲሱ ሰፈር ለሚወስደው መንገድ፣ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ዘጠኝ ችካሎች በአባቷ የገብስ ማሳ መሀል ለመሀል ተክለው ሄዱ።

«እና አልፈራሽም?» አለቻት ወለተሐና፤ ጎረቤቷም ናት፣ አንድ ዴስክ ላይም ይቀመጣሉ።

«ምኑን? ትናንት ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሲሄድ ሆዴን አመመኝ አልኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ነቀልኳቸዋ! ልክ እንደ ጥርስ።»

«የት ጣልሻቸው?»

የፍቅርተ ሳቅ ትንሽ ተሰበረ። «ብጥላቸውማ መልሰው ይተክላሉ። ወደዛ... ገፋ አደረግኳቸው።»

«ወዴት ወደዛ?»

ደወሉ ተደወለ። ፍቅርተ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሮጣ ገባች።

«ወደዛ» ማለት ሠላሳ እርምጃ ወደ ላይ፣ የወለተሐና እናት የእትዬ ሸዋዬ ባቄላ ውስጥ ነው። ባቄላው ወገብ ስለደረሰ ችካሎቹን ዋጥ አድርጎ ደበቃቸው። ፍቅርተ ለራሷ የምትሰጠው ምክንያት አላጣችም። የሰፈሩ አሥራ አንድ አባወራዎች፣ መንገዱ ምንም በማይበቅልበት ጭንጫ በኩል ይዙር ብለው አቤቱታ ላይ ፈርመዋል። እሱ ከተሰማ ባቄላውም ይተርፋል። ካልተሰማ ደግሞ... ቢያንስ ገብሱ።

ማክሰኞ ከሰዓት አባቷ ተሾመ አቤቱታውን የሚያጣራውን ኮሚቴ ከከተማ ይዞ መጣ። ሰብሳቢው ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለ አቤቱታውን ዘረጋ።

«‹መንገዱ የአቶ ተሾመን ገብስ ለሁለት ይሰነጥቀዋል› ይላል። ትክክል?»

«ትክክል» አሉ የፈረሙት የሰፈሩ ሽማግሌዎች።

«ታዲያ ገብሱ ላይ ችካል የታለ?» ወደ ላይ ወጣና የእትዬ ሸዋዬን ባቄላ በእግሩ ገለጠው። «ይኸው፣ እዚህ ነው! ያልተነካ ገብስ ተነካ ብላችሁ ነው አሥራ አንዳችሁም የፈረማችሁት? ወይስ ችካል ያንቀሳቀሰ አለ? ካለ ይውጣ፤ እስር ቤት ይጠብቀዋል።»

ሽማግሌዎቹ ተሾመን አዩት። ችካሉ የራቀው ከእሱ ማሳ ነዋ!

«እኔ አልነካሁም፣ በማርያም!» አለ።

ትናንት ያን ሁሉ ሰው ያሳቀችው ፍቅርተ ከአባቷ ጀርባ ተሸሸገች። ወለተሐና ዓይኗን ሳትነቅል እያየቻት ነበር። እትዬ ሸዋዬ ሲጠየቁ፣ «ማንንም አላየሁም» አሉ።

«እንግዲያው የሐሰት አቤቱታ ነው» አለና ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በጥቅምት ግሬደሩ ችካሎቹን ተከትሎ ገባ። እሸት የያዘው ባቄላ ከነአፈሩ ተገልብጦ ከዳር ተቆለለ። የሰፈሩ ልጆች ከቁልሉ ላይ እሸት ለቀሙ፤ ወለተሐና አልለቀመችም። በማግስቱ ደብተሯን ሰብስባ ሦስተኛው ረድፍ ሄዳ ተቀመጠች። የፍቅርተ አባትም ተሾመ መባሉ ቀረና «ድንበር ገፊው» ሆነ። ለገበሬ ከዚህ የከፋ ስም የለም።

ኅዳር ላይ ገብሱ ደረሰ። ሌላ ዓመት የእነሱ የወንፈል ተራ ሲደርስ አሥር ቤት ማጭዱን ይዞ ይመጣ ነበር። ዘንድሮ ጤዛው ደርቆ እንኳ ማንም ብቅ አላለም። በመጨረሻ በአዲሱ መንገድ አቧራ ላይ ሁለት ሰዎች መጡ፤ እትዬ ሸዋዬና ወለተሐና።

«ሸዋዬ፣ አንቺ ደግሞ ምን አመጣሽ?» አለ ተሾመ አንገቱን ደፍቶ።

«ባቄላዬን ስታርስልኝ የዋልከው ቀን አለ አይደል? ልመልስ ነዋ።»

ያረሰላቸው ማሳ አሁን እግራቸው ሥር ጠጠር ለብሷል።

አራቱ ጎንበስ ብለው ማጨድ ጀመሩ። ወለተሐና ጀርባዋን ሰጥታ ታጭዳለች። ረፋዱ ላይ ተሾመ ነዶ ተሸክሞ ወደ አውድማው ሲሄድ ፍቅርተ ማጭዷን ጣለች።

«እትዬ ሸዋዬ... እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ለአባባ እነግረዋለሁ። ነገ ደግሞ ቢሮ ሄጄ እናገራለሁ፣ አዲስ አቤቱታ እጽፋለሁ፣ መሬታችሁን አስመልሳለሁ፣ ታያላችሁ!»

እትዬ ሸዋዬ ቀና አላሉም። «ያን እሁድ ላሜን ምጥ ይዟት ቅዳሴ አልሄድኩም። በረት ውስጥ ሆኜ ዘጠኙንም ስትተክዪ ቆጥሬያለሁ።»

«ታዲያ... ለምን ዝም አሉ?»

«የሰው ልጅ አሳስሬ ባቄላ ልበላ?»

ወለተሐና አልዞረችም፤ ማጭዷ ብቻ ቆመ።

«እሺ፣ አሁንስ? አሁን ላድናችሁ...»

«ለአባትሽ ንገሪው፤ ስሙን መልሺለት። እኛን ግን ተይን» አሉ እትዬ ሸዋዬ፣ የሚቀጥለውን እፍኝ ገብስ እየጨበጡ። «አንዴ አድነሽናል፤ ይበቃናል።»