አልጠፋም ያለው ድምፅ

ሽማግሌው መሐንዲስ፣ የሕንጻ ንድፍ ቢሮው ባለቤት፣ ጠዋት ከቢሮው ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። «አዳልጧቸው ነው» ተባለ። ሐኪሙ ግን ሁለቱም ክንዳቸው ላይ የጣት ሰንበር አየ። ሊያድናቸው የያዛቸው ሰው ቢሆን ኖሮ ጮሆ ሰው ይጠራ ነበር እንጂ ጥሏቸው አይሄድም።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተሯ ተሰጠ። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ ጠጠሯን ታስቀራለችና። ስትደርስ የሟች ልጅ እጇ ካቴና ሊገባ ትንሽ ነበር የቀረው። ምን ይደረግ! የአባቷ አስከሬን ገና ሳይነሣ፣ ኮምፒውተራቸው ላይ ተቀምጣ ፋይል ልታጠፋ ስትታገል ተይዛለች።

«ምን ነበር የምታጠፊው?»

«ድምፅ» አለች። «አባዬ መርሳት ስለጀመረ ንግግሩን ሁሉ ይቀዳ ነበር። ትናንት ከሥራ በኋላ መጥቼ ተጣላን። ያልኩትን ማንም እንዲሰማብኝ አልፈልግም።»

«ታዲያ አጠፋሽው?»

«እምቢ አለኝ እኮ!»

ወንፊት የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ድምፁን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ፊቷ ጠቆረ፤ የሰማችውን ግን ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ የቢሮውን ቴክኒሻን ጠራች።

«ልጅቷ ስትለምነኝ እኔም ላጠፋው ሞክሬያለሁ፤ አልዋሽዎትም» አለ መላጣውን እያሻሸ። «ስሙን ልቀይር ብል እምቢ፣ ከቦታው ላንሣው ብል እምቢ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ባስነሣውም ያው ነው! ‹ፋይሉ በሥራ ላይ ነው› ይለኛል። ሰይጣን ሳይሰፍርበት አይቀርም!»

«ተው እባክህ፣ ሰይጣን የራሱ ጣጣ ይበቃዋል። ፋይሉ ከሌላ ኮምፒውተር ይከፈታል?»

«እንዴታ! ሁሉም የተገናኙ ናቸው። ከየጠረጴዛችን እንከፍተዋለን።»

«ማታ ስትወጡስ ትዘጓቸዋላችሁ?»

«እዚህ ቤት ኮምፒውተር የሚዘጋ የለም። ንድፎቹ ከባድ ስለሆኑ እንደገና ለመክፈት ስንት ሰዓት ይፈጃሉ። ስክሪኑን ብቻ አጥፍተን እንሄዳለን።»

የሟቹ ሸሪክ ዐይኑ በልቅሶ ቀልቷል። «ትናንት ልጅቷ ሳትመጣ ነው ቢሮዬን ቆልፌ የወጣሁት» አለ። «ዛሬ እግሬም አልረገጠው። ምን ልበልዎት፣ ወንድሜን ነው ያጣሁት!»

«ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ አለ?»

«ማንም ጋ የለም!»

ወንፊት ልጅቷንና ቴክኒሻኑን ጠርታ ሸሪኩን ቢሮውን አስከፈተችው። ስክሪኑ ጨልሟል። «ይኸው፣ ኮምፒውተሩም ዝግ ነው» አለ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር ያለውን የኮምፒውተሩን ሣጥን ዳሰሰች፤ ሞቋል።

«ፋይል አልጠፋም ሲል አንድ ሰው ከፍቶ ይዞታል ማለት ነው» አለች። «የሟቹ ኮምፒውተር ጠፍቶ ሲነሣም ፋይሉ አልተለቀቀም። እንግዲያው የያዘው ሌላ ኮምፒውተር ነው።» ስክሪኑን አበራችው። ያው የሽማግሌው ድምፅ ተከፍቶ፣ ተደምጦ አልቆ ቆሟል። መልሳ አጫወተችው። የልጅቷ ጩኸት ተሰማ፦ «ካሁን በኋላ አባት የለኝም!» በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። ከዚያ ሽማግሌው ለብቻቸው፣ በደከመ ድምፅ፦ «ነገ እንዳልረሳ። ሸሪኬ ከምናሠራው ሕንጻ አምዶች ብረት ማጉደሉን አሳውቃለሁ። ሰው ላስጨርስ አልችልም።»

«ልጅቷ ስትወጣ አባቷ በሕይወት ነበሩ» አለች ወንፊት። «እርስዎ ደግሞ ጠቡ ሳይጀመር ሄድኩ ብለዋል፤ ጠቡ ግን እርስዎ ብቻ በሚከፍቱት ክፍል ተደምጧል። ሰሙና ወደሳቸው ሄዱ።»

ሸሪኩ ግድግዳውን ተደገፈ። «ልለምነው ነበር የሄድኩት! ክንዱን ይዤ ለመንኩት። እምቢ ሲለኝ... ገፋሁት። ፋይሉን ከሱ ኮምፒውተር ላይ ላጠፋ ብል አልጠፋ አለኝ።»

«የያዙት እርስዎ ራስዎ ነበሩ» አለችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል የሚባለው!

ሸሪኩን ይዘውት ሲወጡ ልጅቷ የኢንስፔክተሯን እጅጌ ያዘች። «አሁን ዝጊውና ይጥፋልኝ፣ እለምንሻለሁ።»

«አይሆንም የኔ እናት። ነፃ ያወጣሽ እሱ ነው። ፍርድ ቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማዋል።»

«እኔ ያልኩትንም?»

«እሱንም።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ «አባዬ፣ አባዬ» እያለች ታለቅስ ጀመር።