ሞት ሳይደርስ የተሰጠ መለከት

በአርዘና መንግሥት አንድ ክረምት የተዘራው ሁሉ ሳይበቅል አመድ ሆነ። ገበሬው ትልሙን ሲጭር እጁ ላይ የሚቀረው አመድ ነበር። የመቅደሱ ጠባቂዎች ሮጠው ቢያዩ የዘር ገንቦው ከመቀመጫው የለም። በየዓመቱ ከዚያ ገንቦ አንድ ጭብጥ ካልተበተነ የአርዘና ምድር አያበቅልም። በግድግዳው ላይ የጥፍር ጭረት ተገኘ። የወሰደው ኡምሩክ ነበር።

ኡምሩክ በጥቁሩ ገደል ዋሻ የሚኖር፣ ብረት የማይበሳው አውሬ ነው። የሚያስተኛው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመንግሥቱ ቀንደ መለከት በጆሮው ሥር ሳይቋረጥ ከተነፋ ይተኛል። ድምፁ ሲቋረጥ ይነቃል፤ ሲነቃም በዋሻው ውስጥ ነፍስ ያለው አይተርፍም። ስለዚህ ባለራእይዋ በንጉሡ ፊት ቆማ «ገንቦው ይመለሳል፤ ነፊው አይመለስም» ባለች ጊዜ ሰው ሁሉ ዞሮ ቀጸላን አየው።

ቀጸላ የመንግሥቱ መለከተኛ ነበር። ሹመቱን ከአባቱ ወረሰው እንጂ አልመረጠውም። ልጅ ሳለ የያዘው ሕመም ደረቱን ስላደከመው ረጅም ዜማ መካከል ላይ ይቆረጥበታል። በበዓል ቀን ሕዝቡ እንዳልሰማ ሆኖ ያልፍለት ነበር። መለከተኛ የሚሾመው እስከ ዕለተ ሞቱ ነው፤ ከዚያ በፊት መለከቱን ያስረከበ ፈሪ ተብሎ ይኖራል፤ ቤቱም ከሹመት ይወጣል። ይህን እያወቀ መለከቱን አንግቶ ወጣ።

አብረውት የሄዱት ሽማግሌው ጋሻ ጃግሬ አባ ገድሌ፣ ገንቦውን እንዲሸከም የተመረጠው ጎንጤ፣ ከሐይቅ ሥር እየጠለቀች ዛጎል የምታወጣው ትብለጥ ነበሩ።

ጎንጤ አፉ አያርፍም። «መለከተኛችን፣» ይላል ዳገቱ ላይ፣ «መለከት ነው የምትነፋልን ወይስ ሳል?»

«አንተ ሸክምህን ተሸከም፤» ትለዋለች ትብለጥ። «አፍህ ብቻውን አንድ አህያ ይጭናል።»

አባ ገድሌ ይስቁ ነበር። ቀጸላም አብሮ ይስቅ ነበር።

ከገደሉ በታች ባለው ሸለቆ የኡምሩክ ግልገሎች ይጠብቃሉ። ቀጸላ መለከቱን ነፋ፤ ግልገሎቹ ተኙ፤ ሰዎቹ በመካከላቸው ማለፍ ጀመሩ። የመጨረሻው አባ ገድሌ ነበሩ። ሌሎቹ አልፈው እሳቸው ጥቂት ሲቀራቸው የቀጸላ ትንፋሽ ተቆረጠ፤ ግልገሎቹም ነቁ። ሽማግሌው ለመጮህ እንኳ ጊዜ አላገኙም።

ከዚያ በኋላ ጎንጤ አልቀለደም። ቀጸላ ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ዝምታው ባሰበት።

በቀትር ከዋሻው አፍ ደረሱ። ትብለጥ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ስጠኝ፤» አለችው።

«ምኑን?»

«እያወቅህ አትጠይቀኝ።»

«የባለራእይዋን ቃል ሰምተሻል። ነፊው አይመለስም።»

«ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ሰጥቼሽ ብተርፍ ምን እባላለሁ?»

«ፈሪ ትባላለህ። እኔ ስለማልኖር አልልህም፤ ሌላው ግን ይልሃል።»

ቀጸላ መለከቱን አገላብጦ አየው። መሞቱን በልቡ ጨርሶ ነበር የመጣው። መኖርን ግን አላሰበበትም። በመጨረሻ ተነሥቶ ጎንጤን ጠራውና ገንቦውን የሚያህል ድንጋይ አሸከመው፤ ከዋሻው ጥልቀት የሚተካከል መንገድም በገደሉ ሥር ለካለት። «እኔ ስነፋ ሂድ፤» አለው። ነፋ። ጎንጤ መንገዱን ሳያጋምስ ድምፁ ተቆረጠ። ጎንጤ ባለበት ቆመና ዞሮ አየው። ሁለተኛ ነፋ። ያው ሆነ።

ትብለጥ ተቀበለችው። በአፍንጫዋ አየር እየሳበች በአፏ ሳታቋርጥ ትነፋ ነበር። ጎንጤ ደርሶ ተመለሰ፤ ድንጋዩን አውርዶ ተቀመጠ። ድምፁ ገና አልተቋረጠም ነበር።

ያን ጊዜ ቀጸላ መለከቱን ከእጇ ወስዶ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ፤ ሹመቱን የሚያወርድ መለከተኛ የሚናገረውን ቃል ሊናገር ይገባዋልና።

«እኔ ቀጸላ፣ የመለከተኛው የድልነሳ ልጅ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሞቴ ሳይደርስ ሹመቴን አውርጃለሁ። ይህ ሥራ የእኔ አልነበረም። ሰው ሞቶበት ነው ያመንኩት። ስሜ ይውደቅ፤ ገንቦው ይነሣ።»

«እኔ ትብለጥ ተቀብያለሁ፤» አለች። ከዚያ የመለከቱን አፍ አየችና «ጥረገው እንጂ! ምራቅህን ልጠጣልህ ነው እንዴ?» አለችው። በነጠላው ጫፍ ጠረገላት።

ገቡ። እሷ በአውሬው ጆሮ ሥር ቆማ ነፋች። እነርሱ ገንቦውን ከአጥንት ክምር ውስጥ አወጡት፤ ጎንጤ ተሸከመ፤ ቀጸላ ከኋላ ደገፈ። በእግራቸው ሥር አጥንት ይሰበራል፤ ድምፁ ግን አይቆረጥም። ብርሃን አገኙ። ወጡ። ገንቦውን መሬት ላይ አኖሩት።

መለከቱ ይነፋል።

ያን ጊዜ ነበር ቀጸላ የረሱትን ነገር ያስታወሰው። መውጣታቸውን የምታውቅበት ምልክት አልተነጋገሩም። ከመለከቱ በላይ ጮኸው ቢጠሯት አውሬው ይነቃል።

«ልመለስ!» አለ በሹክሹክታ። ጎንጤ ወገቡን ያዘው።

«ገብተህ ምን ልታደርግ? ከጆሮው ሥር ፈቀቅ ካለች ይነቃል።»

«ልንገራት። መውጣታችንን ትወቀው።»

«ሁለት ሰው ላጣ ነው? ተቀመጥ፣ ወንድሜ።» ጎንጤ ያለቅስ ነበር።

ተቀመጡ። ጥላው ከገደሉ ወርዶ እግራቸው ላይ ደረሰ፤ እሷ ትነፋ ነበር። ለማንም የማያስፈልግ ዜማ ነበር። ከዚያ ቀጠነ። ከዚያ ቆመ። የሰሙትን ለማንም አልተናገሩም።

ሰው ሊወጣበት በማይችለው የገደሉ ጀርባ ገንቦውን በገመድ እያወረዱ ወረዱ፤ ግልገሎቹም አላገኟቸውም። በአርዘና ዘሩ ተበተነ፤ ምድሩም አበቀለ። ንጉሡ በትብለጥ ስም ሐውልት አቆሙ። ቀጸላን በገበያ ያየ ሁሉ መንገድ ይለቅለት ነበር፤ ለክብሩ ግን አልነበረም። አንድ ቀን ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ ከትብለጥ እናት ደጅ ቆመ። አሮጊቷ መረብ ይጠግኑ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«እስከ መቼ ነፋች?»

«ከወጣን በኋላም ቆይታለች፣ እማማ።»

«መውጣታችሁን አላወቀችም?»

«አላወቀችም።»

መረቡን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «አንተ ብትነፋ ኖሮ ልጄ ትተርፍ ነበር?»

«አትተርፍም ነበር። ሁላችንም እናልቅ ነበር።»

«ገንቦውስ?»

«እዚያው ይቀር ነበር።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

«እንግዲያው ልክ አድርገሃል፤» አሉት። «ሰው ቢጠይቀኝም ልክ አድርጓል እላለሁ። ግን ሁለተኛ ደጄ እንዳትመጣ።»

«እሺ፣ እማማ፤» አለና እጅ ነሥቶ ሄደ።