ዶሮዋን ማን አወጣት?

«አትግቡ! ሁላችሁም ወደ ኋላ!»

ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ራሷም ደፉን አላለፈችም። የእህል መጋዘን ሠራተኛው መኮንን አልጋው ላይ እንደተኛ ሞቷል። እሷን ያስቆማት ግን ደፉ ላይ የተንጋለለችው እንሽላሊትና መስኮቱ ሥር የረገፉት ዝንቦች ነበሩ። ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ሸተታት። ሰዉን ሁሉ ነፋሱ በሚመጣበት፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል አቆመች። አንገቱን ብቻ ወደ ውስጥ ያሰገገው ኮንስታብል አብነት አጥር ሥር ያስመልሰዋል።

«የሽብር መርዝ ነው» አለ አፉን እየጠረገ። «ሶፊያን ትናንት ከኦሞራቴ የመጣ ካርቶን አራግፏል። መኪና ታዟል፤ ሰውየው ታስሮ ዛሬውኑ ወደ አዲስ አበባ ይላካል።»

ባለሱቁ ሶፊያን በካቴና የታሰሩ እጆቹን ዘረጋ። «ኧረ በአላህ! ሳሙና ነው፤ ከፍታችሁ እዩት!»

«ሽብር የፈለገ ሰው ነገን፣ የቅዳሜን ገበያ ይጠብቅ ነበር» አለች ያለምወርቅ። «ይሄ ለአንድ ሰው የተዘጋጀ ነው።»

ጭንብል ያጠለቁ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አስከሬኑን አወጡ። ከአልጋው ሥር ደግሞ አመድ የመሰለ ዱቄት የቀረበት ሳህን ይዘው ብቅ አሉ።

«የነቀዝ መድኃኒት» አለች ያለምወርቅ። «ጋዙ ትንፋሽ ያለውን ሁሉ ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ቤት ምን ይሠራል?»

«እሱንማ በቆሎ ያለው ሁሉ ከኔ ይገዛል» አለ ሶፊያን ቶሎ ብሎ።

የሟች ሚስት ሰብለ የታመመች እናቷ ዘንድ ሁለት ቀን ሰንብታ ከአልዱባ ስትደርስ፣ ሞቱን የጠቆመው ጎረቤቷ ዶላሞ ቅርጫት ይዞ ተቀበላት። ቅርጫቱ ውስጥ ዶሮዋ አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋለች።

«እንቺ ሰብልዬ፣ ይቺ እንኳን ተረፈችልሽ። አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ።»

«ከየት አገኘሃት?» አለች ያለምወርቅ።

«ከአልጋው ሥር ነዋ፣ ከተቀመጠችበት። ጠዋት በሩን ስከፍት መኮንን ቀዝቅዟል። እሷን ከነእንቁላሏ አንስቼ ሮጥኩ።»

«ቁልፉንስ?»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች ሰብለ በሳግ። «መኮንን ትናንት ማታ ከቱርሚ እስኪመለስ ጥሬ እንዲበትንላት። እሱማ ዞር ብሎም አያያት፤ ‹ከኔ አስበልጠሽ ትወጃታለሽ› እያለ ይቀልድብኝ ነበር።»

ያለምወርቅ ሁሉንም ማንጎው ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ዶላሞ፣ አብነትን እየው። አንገቱን ብቻ አስገብቶ እንዲህ ሆኗል። አንተ አልጋ ሥር ጎንበስ ብለህ አሥራ ሁለት እንቁላል ለቅመህ አንዴ እንኳ አላሳልክም።»

«እኔ ጠንካራ ነኝ።»

«ዶሮዋም ጠንካራ ናት? ዝንብ እንኳ በረገፈበት ቤት ያደረች?»

ያለምወርቅ ሰብለ ወደያዘችው ቅርጫት ጠቆመች።

«እዚያ አድሮ በሕይወት የወጣ የለም። ዶሮዋ የወጣችው ትናንት፣ መኮንን ሳይገባ ነው። ያወጣት ሰው የሚሆነውን ያውቅ ነበር። ሰብለ አልዱባ ነበረች፤ ሶፊያን ቁልፍ የለውም። አንተ የሰብለን ባል ገደልክ፤ እሷ የምትወዳትን ዶሮ መግደል ግን አቃተህ።»

ዶላሞ ዶሮዋን ብዙ ተመለከታት። «አምስት ዓመት በአንድ ግድግዳ ኖርን» አለ። «መኮንን ከመንገድ ሲመለስ ብቻ ሰብለ የምትስቀው ሳቅ ነበራት።»

ያለምወርቅ ካቴናውን ከሶፊያን እጅ ፈታች። ሰብለ ቅርጫቱን ቀስ ብላ ዶላሞ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«ዶሮዋን አወጣህ» አለችው። «እኔን ግን ከእሱ ጋር እዚያው ዘግተህ ተውከኝ።»